የንግሥት ዘውዲቱ ሞት፦ ታሪክን በዘመናዊ ሕክምና መመርመር እስከ ምን ድረስ ያስኬዳል?

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በአንቺም ጦርነት ተገደሉ። መጋቢት 24 ቀን የቀድሞ ባለቤታቸው ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ አዲስ አበባ ላይ አረፉ። በማግሥቱ፣ መጋቢት 25፣ ንጉሥ ተፈሪ መኰንን ንጉሠ ነገሥት መሆናቸው ታወጀ። ጦርነቱ፣ ሞቱና አዋጁ በአራት ቀን ውስጥ አለቁ ማለት ነው።

ጊዜው እንዲህ ሲገጣጠም ሰው ዝም አይልም። ስለ ንግሥቲቱ አሟሟት ዛሬም ድረስ ቢያንስ አራት ታሪኮች ይነገራሉ። አንደኛው የራስ ጉግሣን መርዶ ሰምተው በድንጋጤ ሞቱ ይላል። ሁለተኛው ስኳር በሽታ ነበረባቸው፣ በዚያ ላይ ፓራታይፎይድ ያዛቸው ይላል። ሦስተኛው ትኩሳቱ እንዲለቃቸው ተብሎ በጣም ቀዝቃዛ ጠበል ውስጥ ገብተው ሰውነታቸው አልቻለም ይላል። አራተኛው ተመረዙ ይላል።

ይህ ታሪክ ለእኛ ለደቡብ ጎንደሮች የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ራስ ጉግሣ መቀመጫቸው ደብረ ታቦር ነበር፤ አንቺምም በበጌምድርና በወሎ ወሰን አካባቢ ያለ ሜዳ ነው። መካነ ኢየሱስ ወይም ነፋስ መውጫ ተቀምጦ ስለ ጉግሣና ስለ ዘውዲቱ ማውራት ስለ ዘመድ እንደ ማውራት ነው። ስለዚህ "አሁን እኮ ሳይንስ አለ፤ ለምን በዘመናዊ ሕክምና አይጣራም?" የሚል ጥያቄ ቢነሳ አይገርምም። ጥያቄው ጥሩ ነው። በዓለም ላይም ይህንኑ ሥራዬ ብለው የያዙ ሐኪሞች አሉ። የሚሰጡት መልስ ግን ብዙ ጊዜ ከያዙት ማስረጃ በላይ ይሮጣል። እስኪ ሥራቸውን ከነጥንካሬውና ከነድክመቱ እንየው፤ ከዚያ በራሳችን ታሪክ ላይ እንሞክረው።

ሙታንን የሚመረምሩ ሐኪሞች

አሜሪካ ውስጥ፣ ባልቲሞር ከተማ፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ አንድ የታወቀ ጉባኤ ያካሂዳል። የአንድ ታሪካዊ ሰው የሕመም ታሪክ እንደ ማንኛውም በሽተኛ ካርድ ተዘጋጅቶ ለአንድ ሐኪም ይቀርባል፤ ሐኪሙም በሽታውን ይናገራል። መጀመሪያ የቀረበው ደራሲው ኤድጋር አለን ፖ ነበር። ካርዱን ያነበበው ሐኪም የማን ታሪክ መሆኑን ሳያውቅ "የእብድ ውሻ በሽታ ነው" አለ።

የዚህ ሥራ ጥቅም ግልጽ ነው። ሐኪም የሚሆኑ ልጆች ምልክቶችን ደርድረው፣ ሊሆኑ የሚችሉ በሽታዎችን ዘርዝረው፣ አንድ በአንድ እየጣሉ ማሰብ ይማራሉበት። ችግሩ የሚመጣው ለትምህርት የተዘጋጀው መልመጃ በማግሥቱ "የእገሌ ሞት ምስጢር ተፈታ" የሚል ዜና ሲሆን ነው።

ታላቁ እስክንድርን እንውሰድ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ323 ዓመት ባቢሎን ላይ በ32 ዓመቱ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሐኪሞች ታይፎይድ ነው አሉ። በ2003 ሌሎች ተነሡና በወባ ትንኝ ዓይነት የሚተላለፈው የዌስት ናይል ቫይረስ ነው አሉ። በ2018 ደግሞ ጊላን ባሬ የተባለ፣ የራስ የመከላከያ ኃይል ነርቭን የሚያጠቃበት በሽታ ነው የሚል ጽሑፍ ወጣ። በዚህኛው መሠረት እስክንድር ሞተ የተባለው ሰውነቱ ሽባ ስለሆነ ነው እንጂ ገና አልሞተም ነበር፤ ማስረጃውም አስከሬኑ ለቀናት አልበሰበሰም የሚለው የጥንት ጽሑፍ ነው።

ልብ በሉ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ አዲስ አጥንት፣ አዲስ ጥርስ፣ አዲስ ሰነድ አልተገኘም። ሦስቱም መልሶች የወጡት እስክንድር ከሞተ ከሦስትና ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ከተጻፉ ተመሳሳይ መጻሕፍት ነው። አስከሬኑ አለመበስበሱንም ቢሆን ገድል ያነበበ ኢትዮጵያዊ ወዲያው ያውቀዋል። የተከበረ ሰው ሲሞት እንዲህ ይባላል፤ የክብር አነጋገር ነው። እሱን እንደ ላቦራቶሪ ውጤት ወስዶ በሽታ ማውጣት የጽሑፉን ዓይነት አለመለየት ነው።

ወደ ኋላ የሚፈታ ጥያቄ

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። በእኛ ሙያ ማሽን ሲሰበር ምክንያቱን ፍለጋ ወደ ኋላ እንሄዳለን። ወደ ፊት መሄድ ቀላል ነው፦ ዘይት ያለቀበት ሞተር ምን እንደሚሆን አስቀድሜ ልነግራችሁ እችላለሁ። ወደ ኋላ ሲሆን ግን ከባድ ነው። "ሞተሩ ጋለና ቆመ" ብቻ ብትሉኝ ዘይት ሊሆን ይችላል፣ ውኃ ሊሆን ይችላል፣ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። አንድ ምልክት ብዙ ምክንያት አለው።

በሒሳብ ቋንቋ ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች ተደምረው 10 ሆኑ እንደ ማለት ነው። 3 እና 7 ነው የሚል ሰው አልተሳሳተም፤ 4 እና 6 የሚለውም አልተሳሳተም። ለመለየት ሁለተኛ እኩልታ ያስፈልጋል። ሁለተኛው እኩልታ ደግሞ ከመጀመሪያው የተቀዳ መሆን የለበትም። አንድ ዲፕሎማት ያወራውን አምስት ጋዜጣ ቢጽፈው ያለን ምስክር አንድ ነው፣ አምስት አይደለም።

ስለዚህ አንድ ሰው ስለ ታሪካዊ ሞት "ምልክቱ ከዚህ በሽታ ጋር ይገጥማል" ሲላችሁ ጥያቄያችሁ "ከሌላ ከስንት በሽታ ጋር ይገጥማል?" የሚል ይሁን። ቀጥሎም "መልስህ ስህተት ቢሆን ኖሮ ምን የተለየ ነገር እናይ ነበር?" በሉት። ለዚህ መልስ የሌለው ምርመራ ገና ምርመራ አልሆነም።

አራቱ ታሪኮች ሲፈተሹ

ንግሥት ዘውዲቱ ሲያርፉ 53 ዓመታቸው ነበር። ቀኑ ረቡዕ ነው፤ የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 12 ስለዋለ ሁዳዴ ከተገባ 38ኛው ቀን ነበር ማለት ነው። ስኳር በሽታ እንደነበረባቸውና በመጨረሻ ሰሞን በተስቦ ዓይነት ትኩሳት መታመማቸው ይነገራል።

ከሕመሙ እንጀምር። ታይፎይድና ፓራታይፎይድ በአንድ ሌሊት የሚገድሉ በሽታዎች አይደሉም። ጀርሙ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል፤ አንጀት መድማትና መበሳት የሚመጣውም ሕመሙ ከቆየ በኋላ ነው። ይህ ማለት ንግሥቲቱን የያዛቸው ይህ በሽታ ከሆነ ጀርሙ ሰውነታቸው ውስጥ የገባው የአንቺም ጦርነት ከመደረጉ በፊት ነው። ለታይፎይድ የሚሆነው ክሎራምፌኒኮል የተባለው መድኃኒት ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ስለሆነ በ1922 ዓ.ም. ምንም ፍቱን መድኃኒት አልነበረም። ስኳሩ ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። ከባድ ኢንፌክሽን የያዘው የስኳር በሽተኛ ስኳሩ ይወጣል፣ ውኃ ከሰውነቱ ያልቃል፣ ደሙ በአሲድ ሊመረዝ ይችላል፤ ኢንሱሊን ካላገኘ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ኢንሱሊን ለሰው መሰጠት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1922 ካናዳ ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህ ታሪክ ብቻውን ሰው ለመግደል በቂ ነው፤ ሌላ ገዳይ አይፈልግም።

ድንጋጤውስ? እ.ኤ.አ. በ1990 የጃፓን ሐኪሞች ታኮትሱቦ የሚባል የልብ ችግር ገለጹ። ስሙ የኦክቶፐስ ማጥመጃ ማሰሮ ማለት ነው፤ በከባድ ሐዘን ወይም ድንጋጤ ልብ በድንገት ተዳክማ እንደዚያ ማሰሮ ቅርጿን ስለምትቀይር ነው። በብዛት የሚይዘው የወር አበባቸው ያቆመ ሴቶችን ነው። አያችሁ እንዴት እንደሚያጓጓ? የ53 ዓመት ሴት፣ መርዶ፣ ድንገተኛ ሞት። አንድ ሐኪም ይህን ይዞ ቢነሳ ጥሩ ርዕስ ያለው ጽሑፍ ይወጣዋል። ግን ሁለት ነገር ይቀረዋል። አንደኛ፣ ታኮትሱቦ የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ሁለተኛና ዋናው፣ መላምቱ እንዲቆም ንግሥቲቱ መርዶውን መስማት አለባቸው፤ ሳይነገራቸው ነው ያረፉት የሚሉ ጽሑፎች ደግሞ አሉ። ይህን የሚፈታው ሐኪም አይደለም፣ የታሪክ ተመራማሪ ነው። ሐኪሙ "ሰምተው ከሆነ ሊሆን ይችላል" ከማለት አያልፍም።

የጠበሉ ታሪክ የመጣው በጊዜው አዲስ አበባ ከነበሩ ዲፕሎማቶች ነው። በሕክምና ሲታይ የማይሆን ነገር አይደለም። በትኩሳት የተዳከመና ውኃ ያለቀበት ሰውነት ድንገት ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር ሲገናኝ የቆዳ ደም ሥሮች ይጨመታሉ፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ነገር ግን ዲፕሎማቶቹ እልፍኙ ውስጥ ነበሩ ወይስ ሲወራ ሰምተው ነው የጻፉት? አውሮፓዊ ዲፕሎማት ስለ ጠበል ሲጽፍ ስለ አገሩ "ኋላ ቀርነት" ቀድሞ የያዘውን ሐሳብ እየጻፈም ሊሆን ይችላል። ማስረጃ የሚመዘነው ከተናጋሪው ጋር ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቹ የታሪካዊ ምርመራ ጽሑፎች የሚስቱት ነገር አለ። ሦስቱ ታሪኮች የምርጫ ጥያቄ አይደሉም። ዛሬ ሐኪም የሞት የምስክር ወረቀት ሲሞላ መነሻ የሆነውን በሽታና በመጨረሻ ሞትን ያመጣውን ነገር ለየብቻ ይጽፋል። ስኳር መነሻ፣ ፓራታይፎይድ አባባሽ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ወይም ድንጋጤ የመጨረሻ ገፊ ሊሆን ይችላል። ሰንሰለት ነው። "ከአራቱ የትኛው ነው?" ብለን ስንጠይቅ ጥያቄውን ራሳችን አበላሽተነዋል።

መርዙና ግጥጥሞሹ

አራተኛው ታሪክ ከሦስቱ ይለያል፤ ወንጀለኛ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ማስረጃ ደግሞ ሕክምና ሳይሆን ቀኑ ነው፦ "በሁለተኛው ቀን? እንዴት ሆኖ!"

እስኪ ቀኑን እንመዝነው። የማስቀምጣቸው ቁጥሮች ለማሳያ የያዝኳቸው ግምቶች ናቸው፤ እናንተ መቀየር ትችላላችሁ። በጠና የታመመ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ይሞታል እንበል፤ የትኛውም ቀን እኩል ዕድል አለው። ከጦርነቱ በኋላ ባሉት ሦስት ቀኖች ውስጥ የመዋል ዕድሉ 3 በ30፣ ማለትም 10 በመቶ ነው። ትንሽ ነው፣ ግን ተአምር አይደለም። አሁን የሚመርዝ ሰው ቢኖር እነዚያን ሦስት ቀኖች የመምረጥ ዕድሉ 50 በመቶ ነው እንበል። ስለዚህ ግጥጥሞሹ የመርዙን ታሪክ አምስት እጥፍ ያጠነክረዋል። ትልቅ ነገር ነው፤ ወሬው ከባዶ አልተነሣም።

ግን ገና አልጨረስንም። ቀኑን ከማየታችን በፊት የነበረን ግምትስ? ኢንሱሊንና አንቲባዮቲክ ሳይኖር፣ ስኳር ያለበት ሰው ተስቦ ይዞት ቢሞት፣ በሕመሙ የመሞቱ ነገር ከመመረዙ 20 እጥፍ ይበልጣል ብላችሁ ከተነሣችሁ፣ አምስት እጥፉን ካካፈላችሁ በኋላም ሕመሙ 4 ለ1 ይመራል። "የለም፣ ቤተ መንግሥት ውስጥ መርዝ ብዙ ነው፤ 3 እጥፍ ብቻ ነው የሚበልጠው" ካላችሁ ደግሞ መርዙ 5 ለ3 ይመራል። ያው ማስረጃ፣ ያው ሒሳብ፣ ሁለት ተቃራኒ መደምደሚያ። ልዩነቱ የመጣው ከሕክምና አይደለም፤ ስለ ቤተ መንግሥቱ አስቀድመን ከያዝነው እምነት ነው። ሁለት ሰዎች ስለ ዘውዲቱ ሲከራከሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከሩት ስለ ተፈሪ ነው። ይህን አውጥቶ መናገር ክርክሩን ባይጨርሰውም ሐቀኛ ያደርገዋል።

ሌላም አለ። "ባላንጣቸው ስላሸነፈ አሁን ያለ ሥጋት ሊያጠፋቸው ቻለ" ይባላል። ግን "ባላንጣቸው ስላሸነፈ ከእንግዲህ እሳቸውን ማጥፋት አላስፈለገውም" ማለትም ይቻላል። አንድ ሐቅ ለሁለት ተቃራኒ ታሪክ እኩል ካገለገለ ለአንዳቸውም ማስረጃ አይሆንም።

የመርዝ ወሬ ደግሞ ዋጋ የሚያስከፍል ወሬ ነው። አፄ ምኒልክ ታመው ሳሉ፣ በ1902 ዓ.ም. አካባቢ፣ ሽታይንኩለር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ንጉሡ እየተመረዙ ነው የሚል ክስ አነሣ፤ ጣቱም ወደ እቴጌ ጣይቱ ወገን ነበር። ንጉሡ የታመሙት ግን ዛሬ ስትሮክ በምንለው በሽታ መሆኑን የታሪክ ጸሐፊዎች በብዛት ይስማሙበታል። እቴጌይቱ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ተገለሉ፤ ምኒልክም ከዚያ በኋላ ከሦስት ዓመት በላይ በሕይወት ቆይተው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ሐኪሙ በሽተኛውን በዓይኑ አይቶ ነው እንዲህ ያለው። በሽተኛው ፊት ለፊት ተኝቶ እንኳ ፖለቲካ ምርመራን እንዲህ ከጎተተው፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በወረቀት የሚደረገውን አስቡት። ራስ ጉግሣም የጣይቱ የወንድም ልጅ ነበሩ፤ ስለዚህ የመርዝ ወሬ በአንድ ቤተሰብ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሯል፦ አንዴ እንደ ከሳሽ፣ አንዴ እንደ ተከሳሽ።

ፀጉር፣ ጥርስና ላቦራቶሪ

"እሺ፣ ወረቀት ይቅር፤ ላቦራቶሪ ይፍረድ" ትሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ሳይንሱ በእውነት ጠንካራ ነው፤ ወጥመድ ግን አለው።

ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1821 ሞተ፤ አስከሬኑን የከፈቱ ሐኪሞች ጨጓራው ላይ ከባድ ቁስል አገኙ። በ1960ዎቹ ፀጉሩ ውስጥ አርሴኒክ ተገኘና "እንግሊዞች መረዙት" ተባለ። በ2008 የጣሊያን ተመራማሪዎች ያልተደረገውን አደረጉ፦ ልጅ ሳለ የተቆረጠ ፀጉሩን፣ የልጁን ፀጉርና የሚስቱን የጆሴፊንን ፀጉር አብረው ለኩ። የሁሉም አርሴኒክ ከዛሬ ሰው በጣም የበዛ፣ እርስ በርሱ ግን ተመሳሳይ ነበር። ጊዜው ራሱ አርሴኒክ የበዛበት ነበር እንጂ አንድ ሰው ብቻ ተለይቶ አልተመረዘም። የመጀመሪያው ልኬት ቁጥሩ ልክ ነበር፤ የጎደለው ማወዳደሪያ ነው።

የቤትሆቨን ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። የእሱ ነው የተባለ አንድ ዘለላ ፀጉር ላይ ብዙ እርሳስ ስለተገኘ ለዓመታት "ቤትሆቨንን የገደለው እርሳስ ነው" ሲባል ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2023 የዘረ መል ምርመራ ሲደረግ ያ ፀጉር የሴት ሆኖ ተገኘ! በሌሎቹ ትክክለኛ ዘለላዎች ደግሞ ለጉበት በሽታ የሚያጋልጥ ዘረ መልና የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ተገኘ። በ2024 እነዚያው ትክክለኛ ዘለላዎች ሲለኩ እነሱም ውስጥ ብዙ እርሳስ ተገኘ፤ ተመራማሪዎቹ ግን ብቻውን ለሞት አያበቃም አሉ። ማለትም "እርሳስ ነበረበት" የሚለው ንግግር እውነት ሆኖ ሳለ፣ ለዓመታት የቆመበት ማስረጃ የሌላ ሰው ፀጉር ነበር። መልስ በአጋጣሚ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ዘዴ ግን በአጋጣሚ ልክ አይሆንም።

ለዘውዲቱስ ምን ይሠራ ነበር? እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ሜክሲኮ ውስጥ በ1500ዎቹ በወረርሽኝ ከሞቱ ሰዎች ጥርስ የፓራታይፎይድ ሲ ባክቴሪያን ዲኤንኤ አውጥቷል። ጥርስ ሕያው ሳለ ደም ስለሚገባበት በደም የሚዞር ጀርም አሻራውን ይተውበታል። ስለዚህ የንግሥቲቱ ጥርስ ቢመረመር የፓራታይፎይድ ጥያቄ ሊመለስ ይችል ይሆናል። ፀጉር ቢገኝ አርሴኒክ ይለካል፤ ያውም የዘመኑ ሰዎች ፀጉር ለማወዳደሪያ ከተገኘ። ነገር ግን የመርዝ ዓይነቱ ከዕፅዋት ከሆነ ላይገኝ ይችላል። ድንጋጤ አጥንት ላይ አይጻፍም፤ ቀዝቃዛ ውኃም አይጻፍም። ከአራቱ አንዱን ለማረጋገጥ፣ ሌላውን በከፊል ለመፈተሽ፣ ሁለቱን ደግሞ ጨርሶ ላለመንካት መቃብር መክፈት ይሆናል። ንግሥቲቱ ያረፉት ከአባታቸው ከምኒልክ ጋር በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ነው። ለእንዲህ ያለ ግማሽ መልስ ያንን ቦታ ማወክ አይገባም ባይ ነኝ።

የአፄ ኃይለ ሥላሴም ነገር ይህንኑ ወሰን ያሳያል። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲያርፉ ደርግ ቀደም ብሎ ከተደረገላቸው የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር አያያዘው፤ ሐኪማቸው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ይህን አልተቀበሉም። ዐፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ግቢ ወጥቶ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ታፍነው ተገደሉ የሚለው ክስ ግን በዐፅም የሚፈታ አልነበረም። በትራስ መታፈን አጥንት አይሰብርም። እዚያ ላይ እውነቱን የሚያወጣው ምስክር፣ ሰነድና ፍርድ ቤት ነው። ሐኪም ሁሉንም ጥያቄ አይመልስም፤ የትኛው የእሱ እንዳልሆነ መናገርም የሙያው አካል ነው።

አንዳንዴ ደግሞ በሽታው ይታወቃል፤ የሚያስፈልገው ምርመራ አይደለም። ደብረ ታቦር የተወለደው ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1879 እንግሊዝ አገር ሊድስ ውስጥ በ18 ዓመቱ በሳንባ ሕመም ሞተ። ሐኪሞች አጠገቡ ነበሩ። እሱ ግን ተመርዣለሁ ብሎ በማመን በአንድ ወቅት ሕክምና እንቢ ብሎ ነበር። ጀርሙን ብናውቀው የሚጨመር ነገር ጥቂት ነው። አባቱን ያጣ፣ እናቱን በመንገድ ያጣ፣ በባዕድ አገር የታመመ ልጅ ማንን ይመን? ዐፅሙ ዛሬም ዊንዘር ነው፤ በ2023 ወደ አገሩ ይመለስ የሚለው ጥያቄ አልተፈቀደም። እዚህ ላይ ያለው ጥያቄ የሕክምና ሳይሆን የፍትሕ ነው።

ይህ ሁሉ ለእናንተ ምን ያደርግላችኋል?

ስለ ንግሥት ዘውዲቱ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ የሚታወቀው ሕመማቸው ብቻውን ለሞት ይበቃል፤ ግጥጥሞሹ ጥርጣሬን ያስነሣል እንጂ አያረጋግጥም፤ መርዝ የሚል ሰው የማስረዳት ሸክሙ የእሱ ነው። ከዚህ አልፎ "ተፈታ" የሚል ጽሑፍ ካያችሁ አዲስ ማስረጃ አለው ወይስ አዲስ የበሽታ ስም ብቻ ብላችሁ ጠይቁ።

ይህ ልማድ የሚጠቅመው ለሙታን ብቻ አይደለም። በየከተማችን ክሊኒክ ገብታችሁ "ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ" ያልተባለ ሰው ፈልጉ፤ ብዙ አታገኙም። ከጀርባው ብዙውን ጊዜ ዊዳል የሚባል ምርመራ አለ፤ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1896 የተጣለ ነው። ምርመራው የሚያየው ጀርሙን ራሱን ሳይሆን ሰውነታችን የሠራውን መከላከያ ነው። ስለዚህ ድሮ ታይፎይድ ይዞን ከነበረ ወይም ወባና ሌላ ትኩሳት ካለብን "አለ" ሊል ይችላል። ትክክለኛው መለያ ደምን አሳድጎ ጀርሙን ማየት፣ ካልቸር የሚባለው ነው። ሐኪሙ አጠገባችን ተቀምጦ፣ ደማችን ብልቃጥ ውስጥ እያለ እንኳ ታይፎይድን በቀላሉ መለየት ካልተቻለ፣ በ1922 ዓ.ም. በተሰማ ወሬ ታይፎይድን "ማረጋገጥ" ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ገምቱ። ሳያስፈልግ የተዋጠ አንቲባዮቲክም ጀርሞች መድኃኒቱን እንዲለምዱት ያደርጋል፤ ያኔ በእውነት የታመመው ሰው መድኃኒት ያጣል።

ሐኪማችሁን ተጣሉት አላልኩም። በትሕትና "ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ዶክተር? የሚለየውስ ምርመራ የትኛው ነው?" በሉ። ለንግሥቲቱ የሚገባው ጥያቄ ለእናንተም ይገባል። እናንተ ገና በሕይወት ስላላችሁ መልሱ ሊገኝ ይችላል።